ከጥቁሯ ላይ የተፈታችው ካርቶን

ካርቶኗ ከመዳፍ አትበልጥም። ከመድኃኒት ማሸጊያ ላይ በመቀስ የተቆረጠች፣ አንድ ጥጓ የተበሳ፣ በቀዳዳዋ ቡናማ ሲባጎ የተንጠለጠለባት ተራ ነገር ናት። መንገድ ላይ ወድቃ ብትገኝ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳት የለም። ፋርማሲስቷ ግን ስምንት ወር ሙሉ በቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ይዛት ዞራለች። በመሃል ቦርሳዋን ሁለት ጊዜ ቀይራለች። ካርቶኗን ግን አልጣለቻትም፣ ለማንም አላሳየቻትም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ዝምታን ስምንት ወር ቦርሳ ውስጥ ይዞ አያውቅም ማለት ነው። ይነቅዛል እንጂ፣ እንዴት አድርጎ!

የሚገርመው ደግሞ የሷ የዕለት እንጀራ ማንበብ መሆኑ ነው። ነጭ ጋውን ለብሳ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ፣ «በላዩ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ እንዳይወስዱ» ስትል ትውላለች። ደንበኞች «እሺ» ይሉና ሳያነቡ ይሄዳሉ። ድሮ ያናድዷት ነበር። አሁን አንገቷን ትደፋለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ገባች። አንገቷ ላይ ሜትር ጥቅልል ብሎ፣ ጣቷ ላይ የስፌት ቆብ እንደተሰካ ነው።

«እንቅልፍ የሚያስወስድ ነገር ስጪኝ» አለች።

«ለማን ነው?»

«ለሰው።»

«ለእንስሳማ አንሸጥም። ሐኪም አይቶታል?»

«ሐኪም? ሐኪምማ እሱ ራሱ አልነበር! የባቡር ሐኪም እያላችሁ ስታሞካሹት አልነበር!» ሴትየዋ መስታወቱ ላይ ተደገፈች። «አላወቅሽኝም መሰለኝ። የለበስሽው ጋውን የኔ ስፌት ነው። ወገቡ ጋ ያጠበብኩልሽም በወንድሜ ልመና ነው፤ እንዳታስከፍያት ብሎ።»

ፋርማሲስቷ አወቀቻት። ታላቅ እህቱ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ። ወንድሟ የሞዴል ባቡር ጠጋኝ ነበር። የልጅ መጫወቻዎቹን ማለቴ አይደለም። አንዱ ሎኮሞቲቭ የክንድ ርዝመት፣ የሕፃን ልጅ ክብደት ያለውን፣ በግቢ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ነው። ይፈታል፣ ያድሳል፣ ከሐዲድ ኃይል ወደ ባትሪ ይቀይራል። ነበር። አሁን ሁሉም ነገር «ነበር» ሆኗል።

«እንዴት ነው?» አለች ፋርማሲስቷ። ድምጿ እንደ ደንበኛ አገልጋይ እንዲሆን ሞክራ አልሆነላትም።

«እንዴት ይሆናል? በር ቆልፎ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይደርሳል፣ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ። ምድጃውን ሦስት ጊዜ፣ ቧንቧውን ሦስት ጊዜ። ትናንት ‘ስቆልፍ አይተሻል?’ አለኝ። ‘አይቻለሁ’ አልኩት። ‘እርግጠኛ ነሽ?’ አይለኝም! የገዛ እጁን የማያምን ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል፣ እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ።»

«ሥራስ?»

«የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ምስማር ይመዝናል። እሱንም ሚዛኑን ሦስት ጊዜ እያየ ደንበኛ ያስመርራል። ሽቦ የሚበይድበትን ካውያ ሸጧል። ሽቦ አልነካም ብሎ ምሏል።» ሰፊዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ምን እንደነበራችሁ አውቃለሁ። እሱ አንቺን አይወቅስም። ‘ዝርክርክነቴን አይታ ናቀችኝ፣ እውነቷን ነው’ ነው የሚለው። ቅዳሜ አባትሽ ዘንድ ይመጣል። ለዚያች ለተቃጠለችው ባቡር የነጂ ክፍል ሠርቶላታል፤ ከነሐስ ቆርጦ፣ በመጋዝና በሞረድ ብቻ። አምስት ወር ፈጀበት። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።»

«ምን ሊል?»

«ይቅርታ። አልሰማሽም? ይቅርታ።»

ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያው ያነሳችውን ፓኮ መልሳ አስቀመጠች። «መድኃኒት አያስፈልገውም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

በምን እንዳወቀች ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ከቆመችበት ሁለት እርምጃ ብቻ ይርቃል። ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እያስተካከለች፣ «ሆሆይ! ድንቄም መድኃኒተኛ!» ብላ ወጣች። ፋርማሲስቷ ቀኑን ሙሉ ጋውኑ ወገቧ ላይ ሲጠብባት ዋለ።

*

ነገሩ የተጀመረው በአባቷ ጉልበት ነው።

አባቷን ሰው ሁሉ ኢንጂነሩ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በባቡር መሥሪያ ቤት የጥገና ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ትልቁን ባቡር ትተው ትንሹን ግቢያቸው ውስጥ ዘረጉ፤ ከበሩ ተነስቶ በአጥሩ ጥግ፣ በአበቦቹ መሃል ዞሮ የሚመለስ ሐዲድ። ጥቁሯ የምትባለውን ሎኮሞቲቭ ከሟች ሚስታቸው ጋር ነው የሠሯት። ሚስታቸው በጎኗ ላይ ያለውን ቁጥርና ቀጭኑን ቀይ መስመር አምስት ጠጉር ብቻ በቀረው ብሩሽ አንድ ክረምት ሙሉ ቀብተውታል። ሴትየዋ ካለፉ በኋላ ኢንጂነሩ ጥቁሯን ሳይነዱ የዋሉበት ቀን አልነበረም።

ችግሩ ጥቁሯ ኃይል የምትስበው ከሐዲዱ መሆኑ ነው። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሐዲዱ ይሄዳል፤ በመንኮራኩሮቹ በኩል አልፎ በሁለት ሽቦ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሐዲዱ ላይ ትንሽ አቧራ፣ አንዲት ቅጠል፣ የጠዋት ጤዛ ካለ ቀጥ ነው። ስለዚህ ሐዲዱን ጎንበስ ብሎ በየቀኑ መጥረግ ያስፈልጋል። ኢንጂነሩ ደግሞ፣ «ጉልበቴ ጡረታ የወጣው ከኔ ቀድሞ ነው» ይላሉ።

ጠጋኙ የተጠራው ለዚህ ነበር። ባትሪ ሆዷ ውስጥ ይገባል፣ በሪሞት ትታዘዛለች፣ ሐዲዱ መንገድ ብቻ ይሆናል። አቧራም ይልበሰው፣ ጭቃም። ሁለተኛው፣ ቀዩ ባቡር፣ ለጊዜው በሐዲድ ኃይል ይቀጥላል። ትራንስፎርመሩ ያልተነሳውም ለዚያ ነው።

ጠጋኙ በዚያ መሥሪያ ቤት ፉርጎ ያጥብ የነበረ ሰው ልጅ ነው። አባቱ አርባ ዓመት ሙሉ ኢንጂነሩን ቆሞ ሰላም ሲል ኖሯል። ልጁም ግቢው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ቀን ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠረገ። በአራተኛው ቀን የኢንጂነሩ ልጅ ሻይ ይዛ ወርክሾፑ ገባች፤ እሱ ቀና ሲል ካውያው ጣቱን አቃጠለው፤ እሷ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው! ፊት ለፊት መነጋገር ስለማይችሉ በመደርደሪያው ላይ ካሉት ፉርጎዎች ሦስተኛውን ፖስታ ቤት አደረጉት። ክዳኑን አንስተው ደብዳቤ ይከታሉ፣ ክዳኑን አንስተው ያወጣሉ። እሱ «ፈጣኗ» ይላታል። ንግግሩን ሳይጨርስ ስለምትመልስለት፣ ደብዳቤውንም ከመሃሉ ጀምራ ስለምታነበው ነው።

በዚያ ወርክሾፕ አንድ ሕግ ነበር። ኢንጂነሩ ከትልቁ ባቡር ይዘውት የመጡት ነው፦ ጥገናው ያላለቀ ሎኮሞቲቭ ላይ ካርቶን ይታሰራል። ካርቶኑን የሚፈታው ያሰረው ሰው ብቻ ነው። አለቃም ቢሆን፣ ንጉሥም ቢመጣ ሌላ ሰው አይነካውም። «በዚህች ሕግ የተረፉ እጆች ይቆጠራሉ» ይሉ ነበር። ልጃቸው ይህን የተማረችው ፊደል ሳትቆጥር ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ጠጋኙ የባትሪውን ሥራ ሊጨርስ ጥቂት ቀረው። ባትሪው ገብቷል፣ ከሞተሩ ጋር ተያይዟል። የቀሩት ከመንኮራኩሮቹ የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ናቸው። እነሱ ካልተቆረጡ፣ ጥቁሯ ኃይል ያለበት ሐዲድ ላይ ከተቀመጠች፣ የሐዲዱ ኤሌክትሪክ በሽቦዎቹ ገብቶ ባትሪውን ያቃጥለዋል። ሽቦዎቹን ከመቁረጡ በፊት ሞተሩ ከባትሪው ስንት እንደሚስብ አንድ ጊዜ መለካት ፈልጎ ነበር፤ መለኪያው ሥራ አቆመበት። ሌላ ሊዋስ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ካርቶን ጽፎ በጥቁሯ ጭስ ማውጫ ላይ አሰረ።

ፋርማሲስቷ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው ወርክሾፑ ነው። ሦስተኛው ፉርጎ ባዶ ነበር። ዞር ስትል ካርቶኗን አየቻት፤ ጀርባዋ ወደ ውጭ ዞሮ፣ «ፈጣኗ» ብሎ ይጀምራል። «ነገ ጥቁሯ በራሷ ኃይል ስትሄድ አባትሽ ደስ ይላቸዋል። በዚያው ስለ እኛ አነጋግራቸዋለሁ…»

አነጋግራቸዋለሁ! ከዚህ በላይ ምን ይነበባል? ሲባጎውን በጭስ ማውጫው አናት ሾልክ አድርጋ አወጣችው። ካርቶኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ መኝታ ቤቷ ሮጠች። ገልብጣ ፊቷን አላየችም። የጀርባውንም መጨረሻ አላነበበችውም።

ኢንጂነሩ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ቆይተው ወርክሾፑ ገቡ። ጥቁሯ ላይ ካርቶን የለም። ካርቶን ከሌለ ሥራው አልቋል ማለት ነው፤ አርባ ዓመት የኖሩበት ሕግ ነው። አቅፈው አወጧትና ቀዩ ባቡር ሲዞርበት የነበረው ሐዲድ ላይ አስቀመጧት።

ልጅቷ በመስኮት ጭሱን ስታይ ካርቶኗ እጇ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ገለበጠቻት። «ያላለቀ። የመንኮራኩሮቹ ሽቦ አልተቆረጠም። ኃይል ያለበት ሐዲድ ላይ አይቀመጥ።» የጀርባው የመጨረሻ መስመር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሌላ ወረቀት አጥቼ ነው፤ እዚሁ አንብቢውና ተይው።»

ጥቁሯን ለማውጣት የሞከሩት የኢንጂነሩ ሁለት ጣቶች ተቃጠሉ። የነጂው ክፍል ቀለጠ። የሚስታቸው ቁጥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ።

በማግስቱ ጠጋኙ መለኪያ ይዞ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ኢንጂነሩ የተጠቀለለ እጃቸውን አሳዩት። ጥቁሯን ገልብጦ አየ፤ ሁለቱ ሽቦዎች እንዳሉ ናቸው።

«ካርቶኑስ?» አለ።

«ምን ካርቶን? ካርቶን አልነበረባትም!»

«አስሬ ነበር…» ቀስ ብሎ ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ… ካርቶን አላየሽም?»

አባቷ አጠገቧ ቆመዋል። ካርቶኗ እሱን ነፃ ታወጣዋለች፤ ያችው ካርቶን ተገልብጣ ደግሞ የፉርጎ አጣቢው ልጅ ከኢንጂነሩ ልጅ ጋር የሚያደርገውን ታወራለች፣ ጥቁሯን ማን እንዳቃጠላትም ትናገራለች። ይህን ሁሉ ያሰበችው በአንድ ትንፋሽ ነው። ፈጣኗ አይደለች!

«አላየሁም» አለች።

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አመናት። የከበዳት እሱ ነው። አልተጠራጠረም፣ ዓይኗን እንኳ ደግሞ አላየም። የገዛ እጁን ተመለከተና፣ «እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ። ኢንጂነሩ፣ «አባትህ አንድ ቀን የፉርጎ በር ክፍት ትቶ አያውቅም። አንተ የአባትህ ልጅ አይደለህም» አሉት። ወሬው በአንድ ሳምንት ሞዴል ባቡር ያላቸው ቤቶች ሁሉ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራው ጠፋ።

እሷ ሰባት ደብዳቤ ጻፈችለት። ሰባቱም «ካርቶኗ እኔ ጋ ናት» ብለው ይጀምራሉ። ሰባቱንም ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ ከተተቻቸው። ማንም እንደማይከፍተው እያወቁ መጻፍ ድፍረት አይባልም፤ ይህንንም አሳምራ ታውቅ ነበር። በየወሩ ክዳኑን ትከፍታለች፤ ደብዳቤዎቹ አሉ። ክዳኑን ስትዘጋው የሚሰማት እፎይታ ከሁሉ በላይ ያሳፍራታል።

*

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በወጥ ቤቱ መስኮት ሲገባ አየችው። ከስቷል። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል። በሩን ዘጋ፣ አምስት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ፣ መቀርቀሪያውን ጫን አደረገው። ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ። እንደገና ሊሄድ ብሎ ቆመና አንገቱን አዙሮ አየው። ሦስት።

እሷ ናት ይህን ያስተማረችው።

ሻይ አፍልታ ትሪውን ይዛ ወርክሾፑ በር ላይ ስትደርስ ጨርቁ ተፈትቶ ነበር። የነጂው ክፍል ጠረጴዛው ላይ ያበራል። ጣሪያው፣ መስኮቶቹ፣ በሩ የተንጠለጠለበት ጥፍር የማታክል ማጠፊያ ሳይቀር አለ። ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ።

«የምስማሮቹ ራስ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው» አሉ።

«ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ነው፣ ጋሼ። ሁለቱ ከመሰላሉ ጀርባ ናቸው።»

«ከመሰላሉ ጀርባ ማን ያየዋል ብለህ?»

«ማንም አያየውም።»

ኢንጂነሩ ጎንበስ አሉ። ሁለቱም ምስማሮች እዚያው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያን ቀን የአባትህ ልጅ አይደለህም ብዬህ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ክፉ ቃል ነው።»

«ልክ ነበሩ፣ ጋሼ።»

«ልክም ብሆን ክፉ ነው። ሰው ይሳሳታል። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ጠጋኙ ራሱን ዝቅ አደረገ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ፋርማሲስቷ ትሪውን እንደያዘች ቆማለች። አለቀ፤ እንዲህ በቀላሉ! አባቷ ይቅር አሉ። ነገ ሥራ ይሰጡታል፣ ከነገ ወዲያ ለምሳ ያስቀሩታል፣ ከዓመት በኋላ ምናልባት ያንን ያላነጋገራቸውን ነገር ያነጋግራቸዋል። እሷ ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሻዩን ማስቀመጥ። ላልሠራው ጥፋት ይቅርታ ተደርጎለት፣ እሷ በይቅርታው ላይ ቤት ትሠራለች። ማንም አይከስርም።

«በል እንግዲህ» አሉ አባቷ ደስ ብሏቸው። «ሞተሯ ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ። አዲስ ባትሪ ክተትላት። ካርቶንህን እሰርና ሥራህን ቀጥል።»

«የብረቱን ሥራ እሠራልዎታለሁ። ሽቦ ግን አልነካም።»

«ለምን?»

«አላምነውማ።»

«ምኑን?»

«እጄን።» ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ የሰው ዕቃ እንደሚያሳይ ሁሉ። «ጋሼ፣ ያቺን ካርቶን ማሰሬ ትዝ ይለኛል። ሲባጎውን ሁለት ጊዜ ቋጥሬ፣ ትርፉን በጥርሴ ቆርጬዋለሁ። የሲባጎው ጣዕም ሳይቀር አፌ ላይ አለ። ግን አልነበረም። ያላደረገውን ነገር እንዲህ አድርጎ የሚያስታውስ ሰው ነገ የሰው ቤት ያቃጥላል። እብድ ነህ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ እብድስ ይታከማል።»

ትሪውን አስቀመጠች። ሻዩ ፈሰሰ።

«አስረሃታል» አለች።

ሁለቱም ዞሩ። ከወጥ ቤት ስትወጣ ካርቶኗን ለምን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ እንደከተተቻት አላወቀችም ነበር። አሁን አወቀች። አወጣቻትና ከነሐሱ ክፍል አጠገብ አስቀመጠቻት። ቋጠሮው አልተፈታም። ሁለት ነው። የሲባጎው ጫፍ በጥርስ እንደተቆረጠ ተተርትሯል።

አባቷ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ጮክ ብለው አነበቡ። «‘ያላለቀ። የመንኮራኩሮቹ ሽቦ አልተቆረጠም…’» ድምፃቸው እየወረደ ሄዶ ጠፋ። ካርቶኗን ገለበጧት። ጀርባዋን ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡት። ሲጨርሱ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ደገሙት፤

«‘እዚሁ አንብቢውና ተይው።’ ተይው ይላል።»

«አየሁት። በኋላ።»

«በኋላ መቼ?»

«ጭሱን ካየሁ በኋላ።»

«ያሰረ ይፈታል» አሉ አባቷ፣ በጣም ቀስ ብለው። «ስንት ዓመትሽ ነበር ያስተማርኩሽ?»

«አራት።»

ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ኢንጂነሩ ግን ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተነሱ፤ ወደ ጠጋኙ ዞሩና፣ በቃጠሎ የሚያብረቀርቁትን ሁለት ጣቶች ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። «ይቅር ብዬሃለሁ ያልኩህን መልሰህ ስጠኝ» አሉ። «አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ።»

እሱ አልሰማቸውም። ካርቶኗን አንስቶ የተቆረጠውን የሲባጎ ጫፍ በአውራ ጣቱ ያሻሻል። ወደ ጥርሱ አስጠጋውና ነከስ አደረገው። ገጥሟል መሰለኝ፣ ከደረቱ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ። ሳቅ ግን አልነበረም።

«አስሬያታለሁ» አለ ለማንም ሳይሆን። «አስሬያታለሁ እኮ።»

ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ፒንሳ አለ?» አለ።

የተቃጠለችውን ጥቁሯን ከመደርደሪያው አወረደ። ገልብጦ ሆዷን ከፈተ። ባትሪው ያን ጊዜውኑ ወጥቶ ተጥሏል፤ ጥላሸት የለበሱት ሁለቱ ሽቦዎች ግን እንዳሉ ናቸው። አንዱን ቆረጠ። ሁለተኛውን ቆረጠ። ድምፁ ጥፍር እንደመቁረጥ ነው። ፒንሳውን አስቀመጠ፣ ክዳኑን ዘጋ። ከፍቶ አላየም። ስምንት ወር ዘግቶ መተው አቅቶት የኖረ ሰው፣ አንድ ጊዜ ዘጋና ተወው።

ዓይኑ ወደ እሷ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ‘አላየሁም’ ስትዪኝ እንደማምንሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስለዚህ ነው ያልሽኝ?»

«ስለፈራሁ ነው ያልኩህ። ስለምታምነኝ ነው የተሳካልኝ።» እንባዋ ሊመጣ ሲል አፈረች፤ የማልቀስ ተራ የሷ አይደለም። «እወድህ ነበር። አሁንም እወድሃለሁ። ግን ይሄ ምክንያት ሆኖ እንዲቆጠርልኝ አልፈልግም።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሻዩ ካለቀ ብርጭቆ ይጠጣሉ።

ጠጋኙ ብዙ ቆየ። በፊት እንዲህ ሲቆይ ንግግሩን ትጨርስለት ነበር። ዛሬ ምላሷን በጥርሷ ያዘች።

«እናቴ ሞታ እንኳ እንዲህ አልከፋኝም» አለ በመጨረሻ። «እሷ ስትሞት እጄ አብሮኝ ነበር። አሁን በጠዋት ተነስቼ አየዋለሁ፤ ምን ሠርተህ ይሆን እለዋለሁ። እንደ ጠላት። ይሄን ማን ይመልስልኛል?»

«ማንም።»

«ደግ፣ አልዋሸሽም።» ካርቶኗን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት። «ጊዜ ስጪኝ።»

«ምን ያህል?» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ልትመታ ደረሰች።

ጠጋኙ አያት፤ የከንፈሩ ጥግ ለአንድ አፍታ ተንቀሳቀሰ። «ፈጣኗ» አለ። «አንቺ እኮ ስምንት ወር ወስደሻል።»

ወደ በሩ ሲሄድ በመደርደሪያው በኩል አለፈ። እግሩ ሦስተኛው ፉርጎ ጋ ሲደርስ በልማድ ቆመ፤ እጁም በልማድ ክዳኑን አነሳ። ሰባቱ ደብዳቤዎች ተጣብቀው፣ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። አንዱንም አልገለጠም። ሰባቱንም ሰብስቦ ካርቶኗ ያለችበት ኪስ ውስጥ ጠቀጠቃቸው፤ ኪሱ አበጠ። «ጋሼ፣ ደህና ይዋሉ» ብሎ ወጣ።

እሷ በሩን ተደግፋ ቀረች። በሐዲዱ ጎን ያለውን መንገድ ይዞ ሲሄድ፣ የግቢውን በር ሲከፍት፣ ወጥቶ ሲዘጋው አየች። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

አንድ፣ ብላ ቆጠረች።

ጠበቀች። ተመልሶ መቀርቀሪያውን ቢጫነው ፊቱን አንድ ጊዜ ታይ ነበር። ምናልባት ቀና ይል ነበር፣ ምናልባት ዓይኑ ያርፍባት ነበር። የእግሩ ድምፅ ከአጥሩ ውጭ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ።

«አልተመለሰም» አሉ አባቷ ከኋላዋ።

«አልተመለሰም» አለች።

ይህን ነበር የፈለገችው፤ በሩን አንድ ጊዜ ዘግቶ፣ እጁን አምኖ፣ ዞሮ ሳያይ እንዲሄድ። ሄደ። ዞሮም አላየም። መቀርቀሪያው ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች፤ ሁለት ለማለት አፏን ከፍታ ነበር፤ የምትቆጥረው አጣች።